ሰቆጣ ላይ ፌዝ ስናካፍል

«አንቺን ሰቆጣ ድረስ ይዞሽ የሚሄድ ሰው ወይ አያውቅሽም፣ ወይ እዚያው ጥሎሽ ሊመለስ ነው» አለችኝ እናቴ፣ ሻንጣዬን እየዘጋሁ ሳለ። ፊት ለፊቴ ቆማ ነው ያለችኝ፤ እኛ ቤት ሰው ከኋላ አይታማም።

የሚወስዱኝ ሰው ግን በደንብ ያውቁኛል። ጋሽ ሙላት ይባላሉ፤ ወልድያ ውስጥ ከቤታችን ጎን የተቃጠለ ሞተር በአዲስ ሽቦ የሚጠቀልሉበትና መብራት የሚዘረጉበት ሱቅ አላቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረስኩ ጀምሮ እሳቸው ዘንድ ነኝ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ምሰሶ የምወጣው እኔ ነኝ። መጻፍ ስለማይወዱ የምጽፈው እኔ ነኝ። መናገርም አይወዱም፤ እሱንም እኔ እሠራላቸዋለሁ።

የጉዟችን ምክንያት እትዬ ወርቄ ናቸው። ከሰቆጣ ዙሪያ፣ ሽርቋ ከምትባል መንደር፣ የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር አውቶብስ ላይ ጭነው ሁለት ጊዜ መጥተውብናል። በሁለተኛው ጊዜ ሞተሩ ተጠቅልሎ ሲያልቅ እጃቸውን ጫኑበትና እንዲህ አሉ፦ «ይሄ ለሦስተኛ ጊዜ ከተቃጠለ ወፍጮውን ዘግቼ ልጄን ወደ አረብ አገር እሸኛለሁ። ፓስፖርቷ ወጥቷል። መጥታችሁ መብራቱን እስክታዩልኝ ግን አላስነሳውም።» ከሄዱ ወር አልፏቸዋል። ሞተሩ ቁጭ ብሏል፤ የመንደሩ ሴቶች እህላቸውን ተሸክመው የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ወዳለ ወፍጮ ይመላለሳሉ። ስለዚህ ሄድን።

ሰኞ

ከወልድያ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጣን፤ ይኸውም የሚኒባሱ ረዳት አሥራ አንድ ብሎን ስለነበር ነው። የድልብን ዳገት ስንወጣ ብርዱ ጀመረ፣ ጋሸና ላይ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ወልድያ ሙቀት ሲበዛብን እንማረራለን፤ ጋሸና ላይ አሥር ደቂቃ የቆመ ሰው ሁለተኛ አይማረርም።

ከጋሸና አለፍ ብሎ ኬላ አለ። ፈታሹ የመሣሪያ ቦርሳችንን ከፈተና ክላምፑን አወጣው። ክላምፕ ማለት በገመድ ላይ ምን ያህል ኃይል እንደሚያልፍ የሚለካ፣ እንደ አዞ አፍ የሚከፈት ዕቃ ነው።

«ይሄ አፍ ያለው ምንድን ነው?» አለኝ።

«የሚዋሽ ሰው ጣቱን ሲያስገባ ይነክሳል» አልኩት።

እጁን ሰበሰበ። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ፣ እሱ ግን አልሳቀም። ሁላችንንም አወረደ፤ ከላይ የተጫነው ሁሉ ወረደ፤ የአንዲት እናት የቡና ከረጢት ሳይቀር ተፈታ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆምን። ስንሳፈር ጋሽ ሙላት ከወልድያ ጀምሮ የመጀመሪያውን ቃል ተናገሩ። «ያለም» ብለው በስሜ ጠሩኝ፣ «ሁለተኛ ኬላ ላይ ተኚ።» ተኛሁ። የውሸት እንቅልፍ ሰቆጣ እስክንደርስ አራት ጊዜ ተኝቻለሁ።

ላሊበላ ምሳ በላን። ሰው ባሕር አቋርጦ መጥቶ የሚያየውን አገር እኔ ያየሁት ሽንት ቤት ፍለጋ ስዞር ነው። ከዚያ በብልባላ በኩል አቧራውን እየጠጣን ሰቆጣ ስንገባ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር።

አልጋ የያዝንበት ቤት ባለቤት ውኃ በጀሪካን ሰጠችኝ። ፊቴን ሳሙና ተቀብቼ ሳለሁ መብራት ጠፋ። ወልድያም ይጠፋል፤ እንዲያውም ከጠፋ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ልዩነቱ ወልድያ ሲጠፋ መንደሩ ሁሉ ባንድ አፍ ይሳደባል። ሰቆጣ ላይ ጸጥ አለ። አንድም ሰው «ውይ» ሳይል ሻማ ተቀጣጠለ። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ስድቡን ለከተማው በሙሉ እኔ ብቻዬን ፈጸምኩት። ባለቤቷ መጥታ ፊቴን አጠበችልኝ። «ከየት ነሽ አንቺ?» አለችኝ። ስነግራት «ይመስላል» አለች።

ማክሰኞ

ሲሚንቶና ጨው በጫነ አይሱዙ ላይ ወጣን። መንገዱ በጎርፍ የተቆረጠበት ቦታ ሲደርስ ሾፌሩ «ከዚህ በኋላ በእግር ነው» አለን። አንድ ሰዓት ሄድን። ጋሽ ሙላት በጉልበታቸው ምክንያት ቀስ እያሉ፣ እኔ ደግሞ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገንጥሎ እያጨበጨበ። እትዬ ወርቄ ከመንደሩ በታች ጠበቁን። እግሬን አዩና ምንም ሳይሉ የራሳቸውን ኮንጎ ጫማ አውልቀው ሰጡኝ፤ እሳቸው በባዶ እግራቸው ቀድመውን ዳገቱን ወጡ። እኔ ነኝ በጫማ የደከምኩት።

ሽርቋ ከትልቁ መስመር ስለራቀች የራሷ የፀሐይ ጣቢያ አላት። ከመንደሩ በላይ ሜዳው ላይ የፀሐይ ሰሌዳዎቹ ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው ባለ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ባትሪዎችና ሦስት ግራጫ ሣጥኖች አሉ። ከሣጥኖቹ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ገመዶች ወጥተው በምሰሶ ላይ ጎን ለጎን መንደሩን ያቋርጣሉ። አንድ ቤት አንዱ ገመድ ይበቃዋል፤ ወፍጮ ሦስቱንም ይፈልጋል። አንዱ ሣጥን ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ይዘጋል፤ እሱ ሲዘጋ ሁለቱም ተከትለውት ይዘጋሉ። ከመዘጋቱ በፊት ግን ጥቂት ይደክማል። ሞተር የሚያቃጥለው ያ ድካም ነው።

ጋሽ ሙላት በክላምፑ ለኩ። ቀዩ አፉ ድረስ ሞልቷል፤ ቢጫው ጥቂት፤ ሰማያዊው ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

«ቤቱን ሁሉ ቀዩ ላይ ማን ቀጠለው?» ብለው ጠየቁ።

የመለሱት የመብራት ኮሚቴው ሊቀ መንበር መሪጌታ ካሣ ናቸው። የጣቢያውን ቁልፍ ከአንገታቸው ማተብ ጋር አስረውታል። መብራቱ ሲመረቅ መጀመሪያ የተቀጠለው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው፣ በቀዩ ገመድ፤ ጠበልም ተረጭቶበታል። ከዚያ በኋላ ቤቱን ያስቀጠለ ሁሉ «በሚካኤል በኩል ይሁንልኝ» አለ። ቢጫው ላይ ትምህርት ቤቱና ጤና ኬላው ብቻ አሉ፤ ቢጫ የወፍ በሽታ ያመጣል ተብሎ ሌላ ሰው አልጠጋ አለው። ሰማያዊው ላይ መጀመሪያ የገባችው አረቄ ሻጯ ዘነቡ ናት። በአረቄ መስመር መብራት የሚያበራ ጨዋ ሰው ደግሞ ሽርቋ ውስጥ የለም።

ከሰዓት በኋላ መንደሩ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ጋሽ ሙላት፣ ዝም የሚሉት ሰው፣ ያን ቀን እናገራለሁ አሉ። መከልከል ነበረብኝ።

«ችግራችሁ ፌዝ ነው» አሉ። «ሁላችሁም አንድ ፌዝ ላይ ተንጠልጥላችኋል። ሚካኤልም እዚያው ፌዝ ላይ ነው። ፌዙን ለሦስት ብናካፍለው ሁሉም ነገር ይስተካከላል።»

እኛ ሱቅ ውስጥ ፌዝ ማለት ኃይል የሚሄድበት ገመድ ነው። ቀኑን ሙሉ ፌዝ ስንል እንውላለን፣ ማንም ዞር ብሎ አያየንም። ሽርቋ ላይ ግን በየቤቱ የሚነገረው ኽምጣና ነው፤ አማርኛውን ያገኙት ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ነው። ለእነሱ ፌዝ ማለት ያው ፌዝ ነው፣ ማላገጥ። ይህን እኔም ያን ሰዓት አላሰብኩትም። ሕዝቡ ለምን እንደ ድንጋይ ዝም እንዳለ ስላልገባኝ ልረዳ ተነሣሁ።

«አባቶች፣ እውነቱን ልንገራችሁ» አልኩ። «ያለ ፌዝ ወፍጮ አይነሣም። እትዬ ወርቄ ሦስት ፌዝ ያስፈልጋቸዋል።»

ከኋላ አንድ ሰውዬ እንድሰማው በአማርኛ «ወፍጮውን በስድብ ነው የሚያስነሱት?» አለ።

መሪጌታ ካሣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። «ይስሙኝ ወንድሜ» አሏቸው ጋሽ ሙላትን። «እኛ ፌዝ አናውቅም። አባቶቻችንም አያውቁም። ሚካኤል በፌዝ ላይ ነው ላሉት እሱ ራሱ ይመልስልዎት። ልጅቷም ልጅ ናት፣ ይቅር እንላታለን።» ሄደው ጣቢያውን ቆለፉት። ሰዉ ተበተነ።

ማታ እትዬ ወርቄ ቤት እራት መጣልን። የመሪጌታ ባለቤት የፍየል ጥብስ በትልቅ ሳህን ይዘው ገቡ፣ ፊታችን አስቀመጡ፣ አጎንብሰው ወጡ። ወልድያ ላይ የተቀየመ ሰው ሰላምታ ይነሣሻል። ሽርቋ ላይ የተቀየመ ሰው ፍየል ያርድልሻል፣ አብሮሽ ግን አይበላም። እንዲያ የጣፈጠ ፍየል እንዲያ ከብዶኝ በልቼ አላውቅም። ጋሽ ሙላት ግን ሁለቴ ጨምረዋል።

የእትዬ ወርቄ ልጅ ንግሥት አጠገቤ ተቀመጠች። ዕድሜያችን እኩል ነው፤ አሥረኛ ክፍል ድረስ ሰቆጣ ተምራለች። «እስቲ ንገሪኝ» አለች፣ «በእናንተ ዘንድ ፌዝ ማለት ምን ማለት ነው?» ነገርኳት። የእህል ጆንያው ላይ ተደግፋ እስክታለቅስ ሳቀች። ስትጨርስ ፊቷን ጠረገችና «እኔ እኮ መሄድ አልፈልግም» አለችኝ። «ወፍጮው ከሠራ የምፈጨው እኔ ነኝ። ካልሠራ ግን እናቴ ከጎረቤት ዱቄት ስትበደር ቆሜ አላይም። ነገ መሪጌታ ዘንድ አብረን እንሂድ። አንቺ ዝም ትያለሽ።»

ረቡዕ

ዝም አልኩ። ንግሥት ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ መሪጌታን አገኘቻቸውና በኽምጣና ረጅም ነገር አወራቻቸው። እኔ የሚገባኝ በየመሐሉ ብቅ የሚለው «ፌዝ» ብቻ ነበር። መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህን ቃል ያወጣው ማነው?»

«ፈረንጅ ነው አባ።»

«ይመስላል» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ሰዉ እንደገና ተጠራ። ጾም ስለሆነ ከእያንዳንዱ ቤት ነጭ ማርና የገብስ ቂጣ መጣ፤ የተቀየሙት ሁሉ አሁን አብረውን በሉ። እኔ ወልድያ ላይ ማር በማንኪያ ተለክቶ ሲሰጠኝ ያደግሁ ነኝና ራሴን አልቆጣጠርኩም። ስብሰባው ሲጀመር ራሴ እየዞረ ነበር። ቢሆንም ምሳሌዬን አዘጋጅቼ ነበር።

«ሦስት አህያ አላችሁ» አልኩ። «ጭነቱን ሁሉ በአንዷ ላይ ጫናችሁት። ሁለቱ ባዷቸውን ይሄዳሉ። ትወድቅ የለም ወይ?»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ተሳካልኝ ብዬ ልቀመጥ ስል አንዲት አሮጊት «የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «አንደኛዋ አህያ የሚካኤል ናት። ሁለቱስ የማን ናቸው?»

«የማንም ይሁኑ» አልኩ።

«የማንም በሆነ አህያ ላይማ አንጭንም።»

ቁጭ አልኩ። ንግሥት ተነሣች። በኽምጣና ነው የተናገረችው፤ ከዚያ ለእኛ በአማርኛ ደገመችው። በመንደሩ ሦስት የጽዋ ማኅበር አለ፤ የሚካኤል፣ የማርያምና የጊዮርጊስ። እያንዳንዱ ቤት በየወሩ ከአንዳቸው ጋር ጽዋ ይጠጣል። ቢጫው የማርያም ይሁን፣ ሰማያዊው የጊዮርጊስ፤ ሁሉም የማኅበሩን ገመድ ይከተል። ሕዝቡ ሁሉ ባንድ ላይ ማውራት ጀመረ። አሮጊቷ «እንዲህ ብትዪ ምን ነበረበት?» ብለው ገሠጹኝ።

ደብተሬን ይዤ ቤት ለቤት ጻፍኩ። ማታ ደምረን ስናይ የመንደሩ ግማሽ የማርያም ማኅበር ነው። ጋሽ ሙላት ደብተሩን አዩና፣ መሪጌታም ኮሚቴውም ባለበት፣ «አሁን ደግሞ ማርያም ልትቃጠል ነው» አሉ።

«ገመዱን ማለታቸው ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ገመዱን ነው።»

መሪጌታ ለጥቂት ጊዜ መሬቱን በመቋሚያቸው ጫር ጫር አደረጉ። የማርያም ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ እሳቸው ናቸው። «እኔ ወደ ጊዮርጊስ እሄዳለሁ» አሉ። «ጽዋዬን ከማርያም እጠጣለሁ፣ መብራቴን ከጊዮርጊስ አበራለሁ። ሁለቱም አይጣሉም።» እሳቸው ወደ አረቄው መስመር ከወረዱ ሌላው ምን ይላል? የማኅበሩ ሰዎችም አንድ በአንድ እየመጡ ስማቸውን ወደ ጊዮርጊስ አስጻፉኝ።

በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ዘነቡ «እኔስ?» አለች። «ልውጣ ወይስ ልቀመጥ? ሰማያዊው ላይ ቀድሜ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«ተቀመጪ» አሏት መሪጌታ። «እኔ ነኝ የመጣሁብሽ።»

ሐሙስ

ጣቢያው ተዘግቶ ከጧት ጀምሮ ምሰሶ ወጣሁ። መጀመሪያ ሕዝቡ ሁሉ ሊያየኝ ተሰብስቦ ነበር፤ ሴት ምሰሶ ላይ አይተው አያውቁም። ሁለተኛው ምሰሶ ላይ ሱሪዬ ከኋላ ተቀደደ። ድምፁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የተሰማ ይመስለኛል። መሪጌታ ሳይዞሩ «ወንዶች፣ ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ» አሉ። የሽርቋ ወንዶች እንደ ጸሎት ሰዓት ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆሙ። እትዬ ወርቄ ነጠላቸውን ወገቤ ላይ ጠመጠሙልኝ፣ ሴቶቹ ምሰሶውን ከበቡ፣ እኔ ከላይ ገመድ አዛወርኩ። ወልድያ ላይ ቢሆን ስልኩን አውጥቶ የማይቀርጸኝ አልነበረም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስን። ጣቢያው ተከፈተ። መሪጌታ እያንዳንዱ ቤት ያለውን ሁሉ እንዲያበራ አዘዙ፤ ቴሌቪዥኑ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ፣ የዘነቡ ማቀዝቀዣ ሳይቀር። ጋሽ ሙላት ሦስቱን ገመድ ለክተው እኩል ሲያገኟቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሁላችንም ወፍጮ ቤት ገባን።

እትዬ ወርቄ ማየት አልቻሉም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ንግሥት አንድ ጆንያ ማሽላ አዘጋጀችና ማብሪያውን ጫነችው። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ቀበቶው ጮኸ፣ ድንጋዩ ዞረ። እህሉን ስትለቅበት ድምፁ ወፈረ። ሁላችንም የምንጠብቀው ያንን ሞተር የሚያቃጥል ድካም ነበር።

አምፖሉ ድርግም አለ።

እትዬ ወርቄ ግድግዳውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ጋሽ ሙላት ክላምፑን አዩ፣ ሞተሩን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ያለም» አሉ፣ «ትከሻሽን።» የአምፖሉን ማጥፊያ በትከሻዬ ተደግፌበት ነበር። ዞር ብዬ ማጥፊያውን ስመልሰው አምፖሉ በራ። ሞተሩ መቼ አቆመና፣ ጆንያው ተጋምሶ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ጀርባዬን በጥፊ መታችኝ፤ በፍቅር ይሁን በንዴት እስካሁን አላወቅሁም።

ጆንያው አለቀ። ሁለተኛው ተለቀቀ። እትዬ ወርቄ ዞረው ዱቄቱን በመዳፋቸው ዘገኑና እንደሞቀ ጉንጫቸው ላይ አደረጉት።

ዓርብ

ጧት ስንነሣ ወፍጮው ቀድሞን ተነሥቷል። ወሬው እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፣ ከማዶ መንደር ሁሉ ጆንያ የጫኑ አህዮች እስከ ዋርካው ድረስ ተሰልፈው ነበር። እትዬ ወርቄ ጋሽ ሙላትን አንድ ገንቦ ማር አሸከሟቸውና እስከ መንደሩ ዳር ሸኙን። መሪጌታ ሁለታችንንም በመስቀል አሳለሙን።

ንግሥትን ልሰናበት ወፍጮ ቤት ገባሁ። ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። ጠራኋት፣ አልሰማችም። ጠጋ ብዬ ጆሮዋ ላይ ጮህኩ። ዱቄታም እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና እሷም ጆሮዬ ላይ ጮኸች፦

«አልሸኝሽም፣ ተራ ጠባቂው ብዙ ነው።»

ወደ ማፍሰሻው ተመለሰች። እኔ ወጣሁ፤ ጋሽ ሙላት ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ቁልቁለቱን ወረድን።